ወንዙ ሲቀጥን፦ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ፍሳሽ በማን መዝገብ ይጻፋል?

በመጋቢትና በሚያዝያ የምዕራብ ጎጃም ወንዞች ይቀጥናሉ። ክረምት ላይ ሰው የማያሻግረው ብር፣ በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህ፣ ከቡሬ ወገን ወደ ዓባይ የሚወርደው ፈጣም፣ ሁሉም ድንጋያቸው እየታየ ይፈስሳሉ። ገበሬው ከወንዙ ጋር የሚውለውም ያን ጊዜ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ተሸክሞ ይወርድና ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ድንቹን ያጠጣል። ከብቱ እዚያው ይጠጣል፣ ልብሱም እዚያው ይታጠባል። ከላይ በኩል አንድ መጥፎ ነገር ቢለቀቅ ክረምት ላይ ጎርፉ ያቀጥነዋል፤ በመጋቢት ግን ከነጉልበቱ ታችኛው ማሳ ይደርሳል።

ቡሬ በእነዚህ ወንዞች አገር ተቀምጣ ፋብሪካ እየተከለች ነው። አገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ካስገነባቻቸው አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የቡሬው ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። የቡሬው ፓርክ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሚያስተዳድረውም የአማራ ክልል ኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በከተማዋ ተመርቋል፤ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው ያኔ ተነግሮለታል። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ለፓርኩ ጥሬ ዕቃ እንዲያሰባስቡ ከታሰቡት የገጠር ትራንስፎርሜሽን ማዕከላት መካከል ናት። የጎጃም በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ በጥሬው ተጭኖ ከመሄድ እዚያው ዱቄት፣ ዘይትና መኖ ሆኖ ቢወጣ የማይደሰት የአካባቢው ሰው አላውቅም። እኔም አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ፋብሪካው እንዲቀር ሳይሆን ፋብሪካውና ሽንኩርቱ አብረው እንዲኖሩ ስለምፈልግ ነው።

ከምግብ ማቀነባበሪያ የሚወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ መርዝ አይደለም። ስታርች፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ቅባት ነው። ያ ውሃ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ይረባረቡበታል፤ ሲበሉትም በውሃው ውስጥ የተሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና ሌላው ነፍሳት ይታፈናል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። የአንድ ፍሳሽ ብርታት የሚለካውም በዚሁ ነው፦ ተሕዋስያን እስኪበሉት ድረስ ስንት ኦክስጅን ይፈልጋል? የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በአንድ ሊትር በጥቂት መቶ ሚሊግራም ይለካል። የምግብ ፋብሪካ ፍሳሽ ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። የአልኮል ማምረቻ አተላማ ዝቃጭ ከዚያም አልፎ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራው ወንዙ ላይ ሊደርስ የነበረውን ነገር በገንዳ ውስጥ አስቀድሞ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ፍሳሹ በመጀመሪያ ከጠጣር ነገርና ከቅባት ይለያል፤ ቀጥሎ እንዳይዋዥቅ በማረጋጊያ ገንዳ ይቆያል፤ ከዚያ ብሎወር የሚባለው ትልቅ የአየር መንፊያ ከሥር አየር ወደሚነፋበት ገንዳ ይገባል። ተሕዋስያኑ እዚያ ይበሉታል፣ ይራባሉ፣ በመጨረሻው ገንዳ ደግሞ ይዘቅጣሉ። ከዝቃጩ ተቀንሶ አየር ወደሚነፋበት ገንዳ ይመለሳል፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሊጡ ላይ እርሾ አስቀርታ ለሚቀጥለው እንደምታውለው ማለት ነው። እርሾው ከሞተ ሥራው ሁሉ ቆመ። እንደገና እስኪረባ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ ፋብሪካዎቹ ግን እስከዚያ ድረስ ፍሳሽ ማውጣታቸውን አያቆሙም።

እዚህ ላይ የጎጃም ደጋነት ራሱን ያስገባል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በዚህ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ከ7 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አውሮፓ ወይም እስያ ጠረፍ ላይ ለአንድ ገንዳ የበቃ ብሎወር እዚህ ያንሳል። በገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ የተሟሟ ኦክስጅን መኖር አለበት፤ ከዚያ ሲወርድ እርሾው ይታፈናል፣ በጣም ሲበልጥ ኤሌክትሪክ በከንቱ ይቃጠላል። አየር መንፋት ብቻውን የእንዲህ ያለ ጣቢያ የመብራት ፍጆታ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህን ቁጥር በየደቂቃው የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

ዓይኑ ግን የትም ተበትኗል። ብሎወሩ የራሱ ፓነል ቦርድ አለው፤ የአንድ አገር አምራች የሠራው ነው። የመግቢያው ፓምፕ ሌላ አምራች የሠራው፣ የራሱ ስክሪን ያለው ነው። ጄኔሬተሩ ሰዓቱን ራሱ ላይ ይቆጥራል። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ውጤቷን በደብተር፣ ሲመቻትም በኤክሴል ትጽፋለች። የፈረቃ ኦፕሬተሩ መዝገቡን በእጁ ይሞላል። ፋብሪካዎቹ በየግቢያቸው ያለውን ቅድመ ማጣሪያ የሚቆጣጠሩት ለብቻቸው ነው። የኬሚካል ግዥው ፋይናንስ ዘንድ ነው። ሁሉም እውነት ይዟል፤ አንዳቸው ግን ከሌላው ጋር አይነጋገሩም።

አንድ ሌሊት እናስብ። የዝናብ ወቅት መግቢያ ነው፤ ተረኛው ወጣት ኦፕሬተር ግቢውን ሲዞር ቆይቶ ለኤሌክትሪሻኑ ስልክ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ሁለተኛው ብሎወር ቆሟል። ፓነሉ ላይ ቀይ መብራት ነው የሚታየኝ።»

«መቼ ቆመ?»

«እንጃ። ስደርስ ቆሞ ነው ያገኘሁት።»

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«አንዴ ጠፍቶ የመጣ መሰለኝ።»

«ገንዳውስ እንዴት ነው? ሽታ አለው?»

«ትንሽ ጠቆር ያለ መሰለኝ፤ ጨለማ ነው፣ በደንብ አይታይም።»

ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካው ናሙና መጥፎ ሆኖ ይገኛል። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሰብስቦ ይጠይቃል። ብሎወሩ ስለቆመ ነው? ወይስ ከአንዱ ፋብሪካ ሌሊት አሲድ ያለበት ውሃ ስለተለቀቀ? የምግብ ዘይት ሲጣራ ከሚወጣው ሳሙናማ ዝቃጭ ቅባቱን ለማስመለስ ሰልፈሪክ አሲድ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ውሃ ሳይስተካከል ከወጣ ተሕዋስያኑን ይፈጃል። ኤሌክትሪሻኑ የፋብሪካዎቹን፣ ፋብሪካዎቹ የጣቢያውን፣ ጣቢያው ደግሞ የመብራት ኃይልን ጥፋት ያወራሉ። ማንም አይዋሽም፤ ማንም ግን የትኛው ከየትኛው ቀድሞ እንደሆነ አያውቅም። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ያ «መቼ» የሚለው ጥያቄ ነው። «መቼ» ካልታወቀ ጥፋቱ የማንም አይሆንም፤ የማንም ያልሆነ ጥፋት ደግሞ በሚቀጥለው ወር ይደገማል።

የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ በሙያው ቋንቋ ስካዳ የሚሉት፣ የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ ነው። አሠራሩ ሲገለጥ ከስሙ ይቀልላል። ገንዳው ውስጥ የተጠመቀ ሴንሰር ኦክስጅኑን ይለካል፤ ቧንቧው ላይ የታሰረ ሜትር ስንት ውሃ እንዳለፈ ይቆጥራል፤ ሌላው አሲድነቱን፣ ሌላው የገንዳውን ከፍታ ያነብባል። እነዚህ ምልክቶች ፒኤልሲ ወደሚባል፣ ፓነል ውስጥ ወደሚቀመጥ ጠንካራ ትንሽ ኮምፒውተር ይገባሉ። የዚህ መሣሪያ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 አሜሪካ ውስጥ ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ የተፈለገውም ለመኪና ፋብሪካ ነበር። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞድባስ የተባለ ቀላል የመነጋገሪያ ሥርዓት አወጣ። ያረጀ ቢሆንም ዛሬም የቻይና ፓምፕ፣ የሕንድ ሜትርና የጀርመን ብሎወር የሚግባቡበት ነው። ከየፒኤልሲው ወሬውን የሚለቅመው አንድ ሰርቨር ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ በስክሪን በሥዕል ያሳያል፣ ከወሰኑ ሲወጣ ያስጠነቅቃል።

መጠኑን ለማሰብ ያህል፦ 50 ሴንሰሮች በየደቂቃው አንድ አንድ ጊዜ ቢያነቡ በቀን 72,000 ቁጥር ይመዘገባል። አሥር ነገር በየሰዓቱ በእጅ የሚጽፍ ታታሪ ኦፕሬተር 240 ይጽፋል። በሁለት ሰዓታት መሃል የሚያልፍ የአሲድ ማዕበል በመዝገቡ ላይ ምልክት ሳይተው ይሄዳል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ድሀ ተቋም የግድ ውድ ነገር መግዛት አለበት የሚለውን አልቀበልም። ኢንዳክቲቭ ኦቶሜሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው ኢግኒሽን በሴንሰር ብዛት ስለማያስከፍል በብዙ አገር የውሃ ተቋማት ተመራጭ ሆኗል። ኖድ-ሬድን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎችም ለትንሽ ጣቢያ ከበቂ በላይ ናቸው። ገንዘቡ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው። የኦክስጅን ሴንሰር በዝቃጭ ውስጥ ስለሚኖር ልጋግ የመሰለ ነገር ይለጠፍበታል፤ በየሳምንቱ ካልታጠበ ይዋሻል። የአሲድነት መለኪያው በታወቁ ፈሳሾች እየተፈተሸ ካልተስተካከለ ይንሸራተታል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ጣቢያ ሲመረቅ ስክሪኑ ያብረቀርቃል፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ስክሪን እውነት መናገሩንና አለመናገሩን የሚወስነው ብሩሽ ይዞ ወደ ገንዳው የሚወርደው ሰው ነው። የእርሱ ደመወዝና ጓንቱ በበጀቱ ውስጥ ከሰርቨሩ በፊት መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ብሔራዊ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚሁ ዓይነት ሥርዓት፣ ከጎጃም ምዕራብ ያለውን 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ጨምሮ፣ በየአቅጣጫው ያሉትን የኃይል ማመንጫዎች አዲስ አበባ ሆኖ ይከታተላል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የሚያስተናግድና ፍሳሹን ከግቢው ሳያስወጣ መልሶ ለመጠቀም የተነደፈ ማጣሪያ ይዞ ነው የተነሣው። እንዲህ ያለው ጣቢያ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋኖች ውስጥ ያሳልፋል፤ የግፊቱንና የጨውነቱን ቁጥር ሳያዩ ማስኬድ አይታሰብም። አዲስ አበባም በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ በዓለም ባንክ ድጋፍ ሠርታለች። ቡሬ የምትለየው ገና ጀማሪ በመሆኗ ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ እያንዳንዱ መውጫ ላይ ሜትር መትከል ቀላል ነው። ሃያ ፋብሪካ ከገባና መስመሩ ከተቀበረ በኋላ ግን ማን ምን እንደለቀቀ ለመለየት መሬት መቆፈር ይጠይቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መሐንዲስ ሳያስበው ያልፋል። ኦፕሬተራችን መዝገቡ ላይ «መጋቢት 12 ለ13 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ሰርቨሩ ያንኑ ደቂቃ ማርች 22፣ 02:00 ብሎ ይመዘግበዋል። የላቦራቶሪው ደብተር በኢትዮጵያ ቀን፣ የጄኔሬተሩ ስክሪን በፈረንጅ ቀን ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ፓነል ደግሞ ሲገጠም ሰዓቱ ስላልተስተካከለ በሠራው አገር ሰዓት ይሄዳል። መረጃውን አንድ ቦታ መሰብሰብ ማለት መጀመሪያ ሰዓቱን አንድ ማድረግ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ጳጉሜንን አያውቁም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቀን እንደሚጀምርም አያውቁም። ስለዚህ ሰርቨሩ በውስጡ በአንድ ወጥ ሰዓት ይመዝግብ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ለኦፕሬተሩ በለመደው ቀንና ሰዓት፣ በአማርኛ ያሳየው። ይህ ለፕሮግራመር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ካልተሠራ ግን በክርክር ጊዜ የስድስት ሰዓት ልዩነት አንዱን ፋብሪካ ነጻ ያወጣና ሌላውን ያስከስሳል።

ማንቂያውም መጠን ይኑረው። በሙያው የታወቁ መመሪያዎች ለአንድ ኦፕሬተር በአሥር ደቂቃ ከአንድ ማንቂያ በላይ እንዳይበዛ ይመክራሉ። አዲስ ጣቢያ ግን አምራቹ የሞላለትን ሁሉ ይዞ ስለሚጀምር በሰዓት በመቶ የሚቆጠር ጩኸት ሊያሰማ ይችላል። ኦፕሬተሩ በሳምንቱ ድምፁን ያጠፋዋል። አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልሂድ፤ የመዝገብንና የመቆጣጠሪያን ነገር የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጽመዋል።

በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 2000 ዋከርተን በተባለች የካናዳ ትንሽ ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት አዛባ ወደ አንድ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አስገባ። ሰባት ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ታመመ። የተደረገው ምርመራ ያወጣው ነገር አሳዛኝ ነበር፦ ሠራተኞቹ የክሎሪኑን መጠን በየቀኑ ሳይለኩ በመዝገቡ ላይ ለክተው እንደነበር አድርገው ይጽፉ ነበር። ክሎሪኑንና ድፍርስነቱን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ በዚያ ጉድጓድ ላይ ቢኖር ኖሮ አደጋውን ይከላከለው እንደነበር መርማሪው ዳኛ ደምድመዋል። የእጅ መዝገብ ሰው ሲደክመው፣ ሲፈራ ወይም ሲለምድ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በአውስትራሊያዋ ማሩቺ አውራጃ የፍሳሽ ፓምፖች ያለ ምክንያት መቆም፣ ማንቂያዎችም መጥፋት ጀመሩ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ የመሣሪያ ብልሽት መስሏቸው ነበር። ኋላ ሲደረስበት ሥርዓቱን በገጠመው ድርጅት ይሠራ የነበረና በአውራጃው ምክር ቤት ሥራ ጠይቆ የተከለከለ ሰው፣ መኪናው ውስጥ ላፕቶፕና የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ትእዛዝ እየላከ ኖሯል። 800,000 ሊትር የሚደርስ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝና መናፈሻ ፈሰሰ። ሰውየው ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ዋከርተን ላይ የሚያይ መሣሪያ አልነበረም። ማሩቺ ላይ መሣሪያው ነበረ፤ ቁልፉ ግን ከወጣ ሰው እጅ አልተነጠቀም። በእኛ አገር ተቋራጭ ጣቢያ ገንብቶ ሲያስረክብ የፒኤልሲውን የይለፍ ቃልና የፕሮግራሙን ቅጂ ይዞ የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቁጥር ለመቀየር አውሮፕላን የሚሳፈር ባለሙያ መጥራት ግድ ይላል። ርክክብ ሲባል ሕንጻና ፓምፕ ብቻ አይቆጠርም፤ የይለፍ ቃሉም፣ የፕሮግራሙ ቅጂም፣ የአማርኛው መመሪያም ተፈርሞ መረከብ አለበት። በዚያው ቀንም የተቋራጩ የርቀት መግቢያ ይዘጋ።

መሣሪያ ሲኖር የሚመጣ ሌላ ፈተናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናዋ ሺያን ከተማ ኃላፊዎች የአየር ብክለት መለኪያውን መሳቢያ ጥጥ ወትፈውበት ቁጥሩ ዝቅ እንዲል አድርገዋል፤ ኋላም ፍርድ ቤት ቀርበው ተቀጥተዋል። ሕንድ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 17 ዓይነት ከፍተኛ በካይ ኢንዱስትሪዎች ፍሳሻቸውንና ጭሳቸውን ያለማቋረጥ ለክተው ቁጥሩን በቀጥታ ለቁጥጥር ቦርዶች እንዲልኩ አዝዛለች። መልካም ትእዛዝ ነው፤ ግን ሴንሰሩ የሚቀመጠው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ከሆነ የሚጠብቀውም ፋብሪካው ነው። መከላከያው ቁጥሮቹን እርስ በርሳቸው ማመሳከር ነው። የፋብሪካው ሜትር 200 ሜትር ኩብ ላክሁ ካለ፣ የጣቢያው መግቢያ 350 ከተቀበለና ዝናብም ካልነበረ፣ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። አሲድ የለኝም የሚል ፋብሪካ ባለበት መስመር መግቢያው ላይ አሲድነቱ በየሐሙስ ሌሊት ከፍ ካለ፣ ሐሙስ ሌሊት ምን እንደሚታጠብ መጠየቅ ነው። ይህ ማመሳከር የሚቻለው መረጃው አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ከተቀመጠ ብቻ ነው።

የኔትወርክ ጉዳይ በምዕራብ ጎጃም በዝምታ አይታለፍም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. መግቢያ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የሚተከል ሥርዓት ሁሉ ነገሩን ባሕር ዳር ወይም ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከጣለ፣ መስመሩ በተቆረጠ ቀን ጣቢያው ዕውር ይሆናል። መቆጣጠሩ ጣቢያው ውስጥ ይቅር፣ መዝገቡም መጀመሪያ እዚያው ይጻፍ፤ መስመር ሲኖር የተጠራቀመው ከነሰዓቱ ወደ ማዕከሉ ይላክ። ለዚህ የሚሆን መንገድ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ኤምኪውቲቲ የሚባለው የመላኪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር በተባሉ መሐንዲሶች የተፈጠረው በረሃ የሚያቋርጥ የነዳጅ ቧንቧን በቀጭንና ውድ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ነበር። የተለወጠውን ቁጥር ብቻ እንዲልክ ማድረግ ስለሚቻል ደካማ የስልክ ኔትወርክም ይበቃዋል። መብራትም እንደዚያው ነው፤ ሰርቨሩና ፒኤልሲው ጄኔሬተር እስኪነሣ የሚያቆያቸው ባትሪ ከሌላቸው፣ በጣም የሚያስፈልገው የመዝገብ ገጽ፣ መብራት የጠፋባት ደቂቃ፣ ባዶ ትሆናለች።

እስካሁን ስለ ቡሬ አወራሁ። ፍኖተ ሰላም ሌላ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን የፍሳሽ መስመር የላቸውም፤ ቆሻሻው በየቤቱ ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ይጠራቀምና በቦቴ ይመጠጣል። ቦቴው ሞልቶ ከግቢው ሲወጣ የት ሄዶ እንደሚደፋ ባለቤቱ አይጠይቅም፤ ከፍሎ ከቤቱ አስወጥቷልና። በእንዲህ ያለ ከተማ ሴንሰርና ሰርቨር ከመግዛት በፊት በእያንዳንዱ ቦቴ ላይ የአቅጣጫ መከታተያ ማሰርና ሹፌሩ በስልኩ የሚሞላው አንድ አጭር ቅጽ ማዘጋጀት ይበቃል፦ ከየት ተቀዳ፣ ስንት ሜትር ኩብ፣ የት ተደፋ። መድፊያ ቦታው ላይ የሚቆም ሰው ያንኑ ቁጥር ያረጋግጣል። ይህም በአንድ መዝገብ ከገባ፣ በየትኛው ቀበሌ ጉድጓድ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ለዝቃጭ ማድረቂያው ምን ያህል ቦታ እንደሚያስፈልግ በአንድ ዓመት ውስጥ ይታወቃል። የዓለም ባንክ በ2017 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የ445 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛው የከተሞች ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት አዲስ አበባንና 22 ሌሎች ከተሞችን ይዟል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለትንንሽ ከተሞች በሚመጣበት ቀን የራሷን ቁጥር ይዛ የምትጠብቅ ከተማ የተሻለ ትደራደራለች።

ሕጉ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ከተፈቀደው መጠን በላይ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የሚለቁትን ራሳቸው እንዲከታተሉና መዝገብ እንዲይዙ ያስገድዳል። ጎዶሎው፣ እንደ እኔ፣ መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው። ዓመታዊ ሪፖርት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ በመጋቢት ሽንኩርቱ ለጠወለገበት ገበሬ አይደርሰውም። እንግሊዝ የዝናብ ጊዜ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቀቅባቸውን መውጫዎች ሁሉ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በመለኪያ ሸፍናለች። ሕዝቡ ቁጥሩን ካየ በኋላ ነው በውሃ ኩባንያዎቹ ላይ የተነሣው ቁጣ መልክ የያዘው፤ ከዚያ በፊት ሽታ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የቡሬው መዝገብ ከጣቢያው ግቢ መውጣት አለበት እላለሁ። የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል ያንኑ ስክሪን በቀጥታ ይየው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ተማሪዎች ያለፉትን ወራት ቁጥር ወስደው ይመርምሩት፤ ሴንሰሩን በራሳቸው ናሙና ይፈትኑት። በወንዙ ታች ያሉት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት ደግሞ ስክሪንም ኢንተርኔትም አያስፈልጋቸውም። ስልካቸው ላይ አጭር መልእክት ይበቃቸዋል፤ መላኪያውም ከሶፍትዌሩ ጋር ሊገጠም የሚችል ነገር ነው። ጣቢያው ከወሰን በላይ የለቀቀ እንደሆነ መልእክቱ በሰው ፈቃድ ሳይሆን በራሱ ይሂድ፣ የሚነበበውም እንዲህ ይሁን፦ «ዛሬ መጋቢት 13፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚለቀቀው ውሃ ከደረጃ በታች ነው። ማሳ አታጠጡ፣ ከብት አታውርዱ። ሲስተካከል እናሳውቃለን። ለጥያቄ የተረኛው ስልክ ከዚህ በታች አለ።»